ሰባት ዓመት የሚጸና መልክ

ትርሲት ይልማ ጸጉሯን ለማሳጠር ማመልከቻ ካስገባች ሁለት ወር አልፏታል። መልስ ስላልመጣ ግንባሯ ላይ የሚወርደውን ዘለላ ቤቷ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ወደ ኋላ ታስረዋለች፤ ሥራ ቦታዋ በር ላይ ስትደርስ ግን መልሳ ትለቀዋለች። በሩ የሚያውቃት ዘለላው ሲወርድ ነው። «እንደምን አደሩ ወይዘሪት ትርሲት፣ ዛሬ ዘጠና ስምንት በመቶ ራስዎን ይመስላሉ» ይላትና ይከፈታል። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ያበጠ ጊዜ ሰማንያ ዘጠኝ ብሏት ግማሽ ቀን ደጅ ላይ ነፋስ ሲገርፋት ዋለች። የደብረ ብርሃን ነፋስ ደግሞ በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረትም ያው የድሮው ነፋስ ነው፤ ለማንም አይመለስም።

ነገሩ በዘፋኞች ነው የጀመረው። የሰውን መልክና ድምፅ ወስዶ የሚዘፍን የማሽን ቅጂ ከበዛ በኋላ፣ አንዱ ዘፋኝ በአንድ ቅዳሜ አሥራ አራት ሠርግ ላይ መዝፈን ከጀመረ በኋላ፣ ሰው እውነተኛውን የሚለይበት አጣ። ከዚያ የመልክ ምዝገባ ቢሮ መጣና ጉዳዩን በሦስት ምስክር ዘጋው። አልበም የሚያወጣ ሰው በሦስት የተለያዩ ቀናት መታየት አለበት፤ አንዴ በክሊፑ፣ አንዴ በአልበሙ ሳጥን ላይ፣ አንዴ ደግሞ በአካል መቶ ሰው ፊት። ሦስቱ ከተስማሙ ያ ሰው ራሱ ነው፤ የተስማማው መልክም ሰባት ዓመት ይጸናል። በዘጠና ቀን ውስጥ ካልተስማሙ፣ ወይም ሰውዬው በመካከል ያለ ፈቃድ መልኩን ከለወጠ ግን ስሙም ድምፁም ክፍት ይሆናል፤ ቀድሞ የተስማማለት ይወስደዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚስማማለት ደግሞ ቅጂው ነው፤ ቅጂ አይከሳም፣ አይወፍርም፣ ፊቱ ላይ ብጉር አይወጣበትም። ቀስ በቀስ ሕጉ ከዘፋኞች ወደ ባንክ ሠራተኞች፣ ከባንክ ሠራተኞች ወደ አስተማሪዎች ወረደ፤ አሁን የቀረ ሰው ቢኖር ሕፃናትና ገበሬዎች ናቸው።

ትርሲት የምትሠራው ጋሽ ልዑልሰገድ በሚባሉ ሰውዬ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዲዛይነር ናት፤ በቢሮው ቋንቋ ግን «መልክ ጠባቂ» ትባላለች። ክሊፑና ሳጥኑ አንድ ዓይነት ሰው እንዲያሳዩ የምታደርገው እሷ ናት፣ በመጨረሻም «ይህችን ሰው በዓይኔ አይቻታለሁ፣ አውቃታለሁ» ብላ ማኅተም የምታሳርፈው እሷ ናት። ሰባት ወር ሙሉ ስትደክምበት የከረመችው ሥራ የውብርስት ደጀኔ አልበም ነበር። ውብርስት የመከር ዘፈን ነው የምትዘፍነው። ጉልበቷ ድምፅዋ ላይ ነው፤ መልኳ እንደ ማንኛውም የሰሜን ሸዋ ልጅ መልክ ነው፣ ደስ የሚልና ቶሎ የሚረሳ። ስለዚህ ትርሲት ቀለም ፈለገችላት። የገብስ ቢጫ።

የገብስ ቢጫ ሲባል ቀላል ይመስላል። ገብስ ግን ጠዋት ሌላ ነው፣ ቀትር ላይ ሌላ ነው፣ ሊታጨድ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ትርሲት የሦስት ቀኑን መረጠች። ቀሚሱን በዚያ አስነከረች፣ የሳጥኑን ካርቶን በዚያ አሳተመች፣ የአልበሙን ስም የጻፈችበትን ፊደል ጫፍ ጫፉን እንደ ገብስ ጢም አሾለችው። የውብርስትን ጸጉር ዘጠኝ ሹሩባ አሠራችና የእያንዳንዱን ውፍረት ለካች። አፍንጫዋን፣ የቅንድቧን ርቀት፣ ስትስቅ የሚታየውን የጥርስ ቁጥር ሁሉ መዘገበች። ክሊፑ ጥቅምት ሃያ ቀን ማሳ ውስጥ ተቀርጾ ያለ አንዳች ጉድለት አለፈ። የሳጥኑ ፎቶ ለጥር አሥራ አምስት ተቀጠረ። የዘጠናው ቀን ማለቂያ ጥር ሃያ ነበር።

ጥር አሥራ ሦስት ቀን የውብርስት አባት አቶ ደጀኔ አረፉ።

በማግስቱ ጋሽ ልዑልሰገድ ትርሲትን ጠሯት። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ሰው ሲያዝን አብረው ያዝናሉ፣ ቀጠሮ ሲፈርስ ግን የበለጠ ያዝናሉ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ፤ ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር። ፎቶው ነገ ነው።»

«ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ልጅቷ ተላጭታለች እኮ። ከልም ለብሳለች።»

«ዊግ የለም ወይ? ዘጠኝ ሹሩባ ምን ያህል ሥራ ነው?»

«ቢሮው ዊግ ይለያል።»

ጋሽ ልዑልሰገድ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አዞሩት። «እንግዲያው ፎቶውን ቅጂዋ ትነሳ። መቶ በመቶ ነው የምትመጣው። ሰሞኑን አዳማ ሁለት ሠርግ ላይ ዘፍና ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ነበር አሉ።»

«ማኅተሙ የኔ ነው። በዓይኔ አይቻታለሁ ብዬ ነው የማትመው።»

«ቅጂዋንስ በምንሽ ነው የምታያት?»

ሰውዬው ከዚያ በላይ አልገፏትም። ማሳመን አቅቷቸው እንዳልሆነ፣ ማሰብ እንድትጀምር ብለው እንደተዉዋት ገባት። ከቢሯቸው ወጥታ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ የቀለም ናሙናዎቹን ደርድራ መልሳ በተነች። ቅጂዋ ቀድማ ከተመዘገበች ውብርስት የገዛ ዘፈኗን በገዛ ስሟ ማንጎራጎር አትችልም፤ ማንጎራጎሯን የሰማ ስልክ ሁሉ ይከሳታል። ይህ ደግሞ ሊሆን የቀረው ስድስት ቀን ነው። ትርሲት ውብርስትን ትወዳታለች፤ ሰባት ወር የለካችውን ፊት የማይወድ ሰው የለም።

በማግስቱ ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መውጣት ፈልጋ ነበር፤ የሰፈሯ አውቶቡስ ግን በብርቱካናማ ሻሽዋ ካልሆነ አያሳፍራትም። ስለዚህ ብርቱካናማውን እንዳሰረች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ከከተማው ዳር ያለው የእድር ድንኳን ውስጥ ገባች። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ።

የተቀመጡትን በዓይኗ ፈለገች። ወደ ጥግ፣ ከትልልቆቹ ሴቶች መሃል፣ ያቺ የምታውቃት አፍንጫ፣ ያቺ ግንባር፣ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ ታየቻት። ትርሲት ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና «ውብዬ፣ ውብዬ፣ እግዜር ያጽናሽ» እያለች አለቀሰች። ልጅቷም አብራ አለቀሰች። ሲያለቅሱ፣ ሲነቃነቁ ቆዩ። ለቅሶ ቤት ማን ማንን ያርማል?

«ትርሲትዬ» አለ ከጎኗ አንድ የደከመ ድምፅ። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ዞር አለች። ከልጅቷ አጠገብ፣ ምድር ላይ ሳር ላይ፣ ራሷን የተላጨች፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ግራ ጉንጯን ሦስት ቦታ የቧጨረች ሴት ተቀምጣለች። ትርሲት ሁለት ጊዜ አልፋት፣ ነጠላዋን ረግጣባት ነበር የሄደችው። ያቀፈቻት የውብርስትን የአክስቷን ልጅ ኖሯል፤ መላጨቷን ትናንት በገዛ አፏ ተናግራ፣ ሹሩባውን አምና።

ትርሲት ክው አለች። እዚያው ሳሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። ክፉኛ አፈረች። ውብርስት ግን አልተቆጣችም፤ አባቷ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ አለ።

«ሰባት ወር አፍንጫዬን በሚሊሜትር ስትለኪ ከርመሽ» አለቻት በጆሮዋ።

ትንሽ ቆይተው ከቤቱ ጀርባ፣ የተከመረው የባሕር ዛፍ እንጨት ዘንድ ሄዱ። ውብርስት አልተቀመጠችም። ከክምሩ እስከ አጥሩ እየተመላለሰች ነው የምታወራው።

«ልትነግሪኝ የመጣሽውን አውቃለሁ። ጋሽ ልዑልሰገድ ደውለዋል። ዊግ አላደርግም። አባቴ አፈሩ ሳይደርቅ ቢጫ ለብሼ ጥርሴን አላሳይም።»

«አታሳዪም።»

«ድምፄንም አልሰጥም። አባቴ ያወጣልኝን ስም ማሽን ተሸክሞት ሠርግ ለሠርግ እንዲዞር? ይህንንም አልፈልግም። ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ እንኳ ካላወቅሽኝ ማን ያውቀኛል?» ቆም አለች። «እሺም እንቢም ማለት አቃተኝ፣ ትርሲት። አንድ ነገር አድርጊ።»

የትርሲት ዓይን የልጅቷ ቀሚስ ላይ ወደቀ። ማልቀስ ያለባት ጊዜ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ቀለም ማሰብ ጀመረች። ይህን ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች። ከሉ የሱቅ ጥቁር አልነበረም። ቤት ውስጥ የተነከረ፣ ብርሃን ሲመታው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ጠርዙ ላይ ቀድሞ የነበረው ነጭ በትንሹ የሚያስታውቅበት ጥቁር ነው። የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ማን ነው የነከረው?»

«እትዬ አስካለ። ሁለቴ ነከረችው።»

«ፎቶውን እንዲሁ እንዳለሽ ብንነሳስ?»

ውብርስት መመላለሷን አቆመች።

«ቢጫውን እንጣለው» አለች ትርሲት፣ ቃላቱ እየተሽቀዳደሙባት። «ሦስቱ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ይስማሙ ነው የሚለው፤ ከቢጫው ጋር ይስማሙ አይልም። አምስት ቀን አለን። ነገ ሳልስት ነው፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ ክሊፑን እንደ አዲስ እንቀርጻለን። አሥራ ስምንት ሳጥኑን። በሃያ ደግሞ የአባትሽ ሰባት ነው፤ ሰባቱ ላይ መቶ ሰው አይጠፋም። ሐዘንሽን አትደብቂም፣ ድምፅሽንም አትሰጪም።»

ውብርስት የቀሚሷን ጫፍ ከትርሲት ጣቶች አስለቀቀች። «መልኩ ሰባት ዓመት ይጸናል አይደል?»

«ሐዘንሽ ሲወጣ እናመለክታለን። በዓመቱ አዲስ መልክ ይፈቅዱልሻል፤ ሰው ናቸው እነሱም።»

ለአንዲት ዘለላ ጸጉር ሁለት ወር መልስ እንዳጣች በዚያች ደቂቃ ትዝ አላላትም። ወይም ትዝ ብሏት ገፋ አድርጋዋለች፤ ራሷም ቢሆን እርግጠኛ አይደለችም።

የአባትየው እህት፣ ከሉን የነከሩት እማማ አስካለ ተጠየቁ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከገበሬዎቹ ወገን ስለሆኑ መልካቸው ያልተመዘገበ፣ ፊታቸው እንዳሻው የሚያረጅ ሴት ናቸው። ነገሩ ብዙም አልገባቸውም። «ለልጅቷ ይበጃል ካላችሁ ይሁን» አሉ። «ብቻ ድንኳኑን እንዳታበላሹ፣ የእድር ነው።»

ጥር አሥራ ስድስት ቀን፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ንፍሮ ሲቀርብለት፣ ውብርስት ግቢው መሃል ቆማ የአልበሙን የመጀመሪያ ዘፈን ዘፈነች። የአጨዳ ዘፈን ነበር፤ ያለ መሣሪያ፣ በሻከረ ጉሮሮ ሲወጣ ሙሾ ሆነ። ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። ትርሲትም አለቀሰች፤ እያለቀሰች ግን ምስሉን ስታየው መሃል ላይ ደመና አልፎ ከሉን ሰማያዊ አድርጎታል።

«ውብዬ» አለቻት ቀርባ። «ከመጀመሪያው ትንሽ ብትደግሚልኝ።»

ውብርስት አየቻት። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ደገመችላት። ሁለተኛው የተሻለ ሆነ፤ በሦስተኛው ደግሞ የት ቦታ ላይ ድምፅዋ እንደሚሰበር ሁለቱም አውቀውት ነበር።

ጥር አሥራ ስምንት ቀን ሌላ ጣጣ መጣ። ጉንጯ መዳን ጀምሯል። በክሊፑ ላይ ሦስት ቀይ ቧጨራ፣ ለሳጥኑ ሲነሳ ሁለት የደረቀ መስመር ብቻ። ትርሲት ኩልና ቀይ ቀለም ይዛ ተንበርክካ ሦስቱንም መልሳ ሣለቻቸው። ቢሮው ዊግ እንጂ ኩል አይለይም፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሳጥኑንም በዚያው ዕለት ሠራችው። ካርቶኑን ወደ አረንጓዴ በሚያደላው ጥቁር አሳተመችው። የፊደሉን ጢም ቆረጠችው፤ ራሱን የተላጨ ፊደል ሆነ። ክዳኑ ሲከፈት ግን ውስጡ ብቻ የገብስ ቢጫ እንዲታይ ትታ ነበር፤ ለአባትየው ማሳ፣ ለልጅቷም ለነገዋ ይሁን ብላ። ቢሮው ዘጠና አንድ ብሎ መለሰው። «በክሊፑ የማይታይ ቀለም» ይላል ደብዳቤው። ውስጡንም ጥቁር አደረገችው።

ሃያ ቀን፣ በሰባቱ፣ የቢሮው መቁጠሪያ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ፍትሐቱ ደርሶ፣ ሰው ተቀምጦ፣ ቁጥሩ ሰማንያ ሦስት ላይ ቆመ። ትርሲት እሳት ላይ የቆመች መሰለች። ከድንኳኑ አፍ እስከ መንገዱ ትሮጣለች፣ ተመልሳ ቁጥሩን ታያለች። በመጨረሻ የእድሩን ዳኛ እጁን ይዛ ለመነችው፤ ሰውዬው ቤት ለቤት ዞሮ ሟቹንም ልጅቷንም የማያውቁ ጎረቤቶች ሰበሰበላት። መቶ አሥራ ሁለት። ከመቁጠሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ።

ትርሲት እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ያለችበት ቦታ ታውሷት በሁለት እጇ ከደነችው። ደስታዋ ግን እውነተኛ ነበር። ውብርስት ድና፣ ቅጂዋ ከየሠርጉ ተባርራ፣ ስሟ በራሷ ጸንቶ ቀረ።

አልበሙ እንደ ጉድ ተሸጠ። ጥቁሩ ሳጥን በየሳሎኑ፣ በየመኪናው፣ በየሙሽራ ስጦታ መሃል ታየ። በሚያዝያ የደብረ ብርሃን ልጃገረዶች ማመልከቻ እያስገቡ ራሳቸውን መላጨት ጀመሩ፤ ለእነሱ በሳምንት ተፈቀደላቸው። የማንንም ሞት የማያውቁ ልጆች ጉንጫቸው ላይ በኩል ሦስት መስመር ሥለው ትምህርት ቤት ሄዱ። ሠርግ ላይ ከል የለበሰ ሚዜ መታየቱ አንድ ሰሞን አስደነገጠ፣ ከዚያ ተለመደ።

ትርሲት ደግሞ በየሐሙሱ ውብርስት ዘንድ ትመጣለች። ምላጭና ሳሙና ይዛ፣ አንድ ጣት የማይሞላውን ጸጉር ላጭታ፣ ጭንቅላቱን ፎቶ አንስታ ለቢሮው ትልካለች። በወር አንዴ ቀሚሱ በእጥበት ስለሚለቅ ከናሙናው ጋር እያስተያየች ትነክረዋለች፤ ሁለቴ፣ እማማ አስካለ እንዳደረጉት። ቧጨራውን ውብርስት ራሷ መሣል ለምዳለች፤ ጥርሷን ስትፍቅ በመስተዋቱ እያየች ጎን ለጎን ታስምረዋለች። መሳቅ አልተከለከለችም፤ በሦስቱም ምስክሮች ላይ ስላልሳቀች ብቻ፣ ስትስቅ ፐርሰንቱ ይወርዳል።

ማመልከቻው ሦስት ጊዜ ገባ። ሦስቴም አንድ ዓይነት መልስ መጣ፦ «መልክዎ በጥሩ ይዞታ ላይ ስለሚገኝ መለወጥ አላስፈለገም።» ትርሲት የመጀመሪያውን ለውብርስት አነበበችላት። ሁለተኛውን ጠቅለል አድርጋ ነገረቻት። ሦስተኛውን ስትደብቅ ውብርስት ራሷ ጠየቀቻት፣ ትርሲትም አንገቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ማመልከቻው አላወሩም። ትርሲት ግን ሌሊት እየባነነች «ሰው ናቸው እነሱም» ያለችው አፏን ትረግማለች።

ጥር አሥራ ሦስት፣ ሁለት ሺህ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ የአቶ ደጀኔ ሙት ዓመት ሆነ። ሐሙስ ቀን ዋለ። ከዘመዱ ይልቅ እንግዳው በዝቶ ነበር፤ ራሳቸውን የተላጩ ልጆች ጥቁር ሳጥናቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። ጸሎቱ ሲያበቃ እማማ አስካለ ወደ ጓዳ ገቡና በፌስታል የታጠፈ ነጭ ቀሚስ ይዘው ወጡ። ውብርስትና ትርሲት ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ነበሩ።

«በይ ተነሺ ልጄ» አሉ። «ከሉን አውልቂና ሰዉ ፊት ውጪ። ወንድሜ ይረፍ።»

ውብርስት ቀሚሱን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ትርሲትን አየቻት።

«እማማ» አለች ትርሲት። «አሁን አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ማውለቁ። አይፈቀድላትም።»

«ማነው የማይፈቅደው? አባትየው የኔ ወንድም ነው። ዓመት ሞላው። ማነው ከኔ በላይ ሐዘንተኛ?» ወደ ውብርስት ዞሩ። «ወይስ ሐዘንሽ አልወጣልሽም?»

«ወጥቶልኛል እትዬ» አለች ውብርስት፣ እንደ ቢሮ ጸሐፊ በረጋ ድምፅ። «ከወጣልኝ ቆየ። ብታምኚኝ ባለፈው ሳምንት አባቴን ላስታውሰው ዓይኔን ጨፍኜ የመጣልኝ የሳጥኑ ፎቶ ነው። የሱ ፊት ጠፋኝ። ስለሱ ስዘፍን ግን ድምፄ በቦታው ይሰበራል፤ ራሱ ይሰበራል፣ አልጠራውም። አሁን ይህን ብለብስ ከበሩ ሳልወጣ ያቺ ማሽን ስሜን ትወስደዋለች። ዘፈኖቼንም፣ እሱ ያስተማረኝንም።»

እማማ አስካለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጥያቄያቸውን ለትርሲት አደረጉት።

«ታዲያ ወንድሜ የሚቀበረው መቼ ነው?»

ትርሲት ይቅርታ ልትላቸው ፈለገች። እግራቸው ላይ ልትወድቅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልትል ፈለገች፤ የእሷም ነበር። ከአፏ የወጣው ግን በልቧ የምታውቀው ቁጥር ነው።

«ጥር ሃያ፣ ሰማንያ ስድስት።»

እማማ አስካለ በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ እጅ ጨርሰው በሌላው አንድ ጨመሩ። ከዚያ ነጩን ቀሚስ ከውብርስት ጉልበት ላይ አንስተው መልሰው ማጠፍ ጀመሩ፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ወገቡ ላይ አንዴ፣ እንደገና አንዴ።

«እኔ እንኳ እስከዚያ አልደርስም» አሉ። «አሁንስ ያሳዘነኝ እሱ አይደለም። እንግዲህ እኔ ስሞት ለብቻዬ የሚለበስልኝ የለም። ማን ያውቃል፣ ለኔ እንዳዘነች?»

ውብርስት ከወገቧ ጎንበስ አለች፤ እንባ ግን አልወጣትም። ውጭ ልጆቹ ስሟን እየጠሩ ነው። ቀና ስትል ፊቷ ሦስቱ ምስክሮች ላይ ያለው ፊት ነበር፤ ጥቁር ሻሿን ፈታ ዱካው ላይ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ነው» አለች። «ሳይጨልም ጨርሺልኝ።»

ትርሲት ከቦርሳዋ ምላጩን አወጣች። ሳሙናውን አጠገቧ አኖረች። እማማ አስካለ ቀሚሱን ሣጥናቸው ውስጥ አኑረው፣ ወደ ማድቤት ወጥተው፣ ውሃውን ለብ አድርገው አመጡላቸው።